የስፓኒሽ ሰንጠረዣችሁ ላይ «እናንተ» ጎድሏል

ይድረስ ለጋዜጣው የቋንቋ ገጽ አዘጋጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ገጹን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው የምከታተለው፣ ስፓኒሽን በቀጥታ በአማርኛ የሚያስረዳ ነገር እንደልብ አይገኝም፣ አብዛኛው በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰን፣ ስለዚ ስራችሁን በጣም ነው የማከብረው። ግን ስለ ኃላፊ ጊዜ ያወጣችሁትን ሰንጠረዥ ካየሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። አብላር (መናገር) የሚለውን ግስ ወስዳችሁ እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እኛ፣ እነሱ ብላችሁ 5 መስመር ሰራችሁና «እናንተ»ን ዘለላችሁት፣ ከስር ደሞ ቦሶትሮስ (እናንተ) የሚባለው ስፔን ውስጥ ብቻ ስለሚሰራ ጀማሪ ባይጨነቅበት ይሻላል የሚል ማስታወሻ አስገባችሁ። እኔ ስፓኒሽ አስተምራለሁ፣ ይሄ ምክር ደሞ ተማሪዎችን እንደሚጎዳ ስለማምን ነው በዝርዝር የምጽፍላችሁ። የስፓኒሹን ቃል በኛው ፊደል ነው የማስቀምጠው፣ በተቻለ መጠን እንደሚሰማው።

እውነት የሆነውን መጀመሪያ ልበል። ስፓኒሽ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ወደ 500 ሚሊዮን ይጠጋል፣ የስፔን ህዝብ ደሞ 50 ሚሊዮን እንኳን አይሞላም። ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና ያለው ሰው ለጓደኞቹም ለአለቆቹም ሲናገር ኡስቴዴስ ነው የሚለው፣ ግሱም «እነሱ» ከሚለው ጋ አንድ ነው፣ ተናገራችሁም ተናገሩም አብላሮን ይሆናል። ስለዚ ቦጎታ ወይ ሊማ የሚኖር ሰው አንዴም ቦሶትሮስ ሳይል ዕድሜውን ሙሉ መኖር ይችላል፣ ማንም ምንም አይለውም። እዚ ላይ ከናንተ ጋ ምንም ልዩነት የለኝም። ግን አንድ ሰው ከአፉ የማያወጣው ነገር ሁሉ ጆሮውም ባያውቀው ችግር የለውም ማለት እኮ አይደለም፣ ሰንጠረዡ ላይ ከሌለ ደሞ ተማሪው እንዲ አይነት ነገር መኖሩን ራሱ አያውቅም።

እስቲ አስቡት፣ 1 ዓመት ሙሉ ተምሮ የስፔን ተከታታይ ድራማ ይከፍታል፣ የመጀመሪያው ክፍል ላይ አንዷ ጓደኞቿን «ኬ ኢሲስቴይስ አዬር?» ትላቸዋለች፣ ትናንት ምን አደረጋችሁ ማለት ነው፣ ከዚ የቀለለ አረፍተ ነገር የለም፣ ኬንም ያውቀዋል አዬርንም ያውቀዋል፣ መሃል ላይ ያለው ኢሲስቴይስ ግን አዲስ ግስ ይመስለውና መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲፈልግ ይውላል፣ አያገኘውም፣ ምክንያቱም አሴር (ማድረግ) የሚለው የሚያውቀው ግስ ነው መልኩን ለውጦ የመጣው። የስፔን ሊግ የሚከታተል ሰውም ያው ነው፣ ከጨዋታ በኋላ ጋዜጠኞች ስለቡድኑ ሲጠይቁ ኮሞ ቢስቴይስ (እንዴት አያችሁት)፣ ፖርኬ ፔርዲስቴይስ (ለምን ተሸነፋችሁ) ነው የሚሉት። እነዚህ ሁሉ ኢንፎርማል ናቸው፣ የሚነገሩትም ሰው ሰውን በብዛት በሚያናግርበት ቦታ ነው፣ በጓደኛ መሃል፣ በቤተሰብ፣ በክፍል፣ በግሩፕ ቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስፔን የሄደ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚሰማው እሱን ነው።

ከባድ ስለሆነ ይቆይ የሚለውን ሀሳብ በተመለከተ ብዙ የምለው አለኝ፣ ምክንያቱም ነገሩ በተቃራኒው ነው። በስፓኒሽ ኃላፊ ጊዜ ውስጥ እንደ ቦሶትሮስ የቀለለ መስመር የለም። ህጉ አንድ ነው፣ የ«አንተ»ን ቅርጽ ውሰድና መጨረሻው ላይ ይስ ጨምርበት፣ አለቀ። አብላስቴ (ተናገርክ) አብላስቴይስ (ተናገራችሁ) ይሆናል፣ ኮሚስቴ (በላህ) ኮሚስቴይስ፣ ቢቢስቴ (ኖርክ) ቢቢስቴይስ። ያስቸግራሉ የሚባሉት ግሶችም በዚሁ ነው የሚሄዱት፣ ፉዊስቴ ፉዊስቴይስ፣ ቱቢስቴ ቱቢስቴይስ፣ ዲኺስቴ ዲኺስቴይስ፣ ፑሲስቴ ፑሲስቴይስ፣ ቢኒስቴ ቢኒስቴይስ፣ ኪሲስቴ ኪሲስቴይስ። ከዚ ህግ የሚወጣ አንድም ግስ የለም፣ አንድም፣ ስፓኒሽ ውስጥ ደሞ ምንም የማያፈነግጥበት ህግ ማግኘት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ይሄንን ጀማሪው ይያዘው ካላችሁት ኡስቴዴስ ጋ አስተያዩት። ፔዲር (መጠየቅ) ኡስቴዴስ ላይ ሲደርስ ፒዲዬሮን ይሆናል፣ ኤዋ ወደ ኢ ትቀየራለች፣ ዶርሚር (መተኛት) ዱርሚዬሮን ይሆናል፣ ኦዋ ወደ ኡ፣ ሌኤር (ማንበብ) ሌዬሮን ይሆንና መሃሉ ላይ የሌለ ድምፅ ይገባበታል፣ ዴሲር (ማለት) ደሞ ዲኼሮን ይሆንና ሌሎቹ ላይ ያለችውን ኢ ይጥላታል። ቦሶትሮስ ላይ ግን ፔዲስቴይስ፣ ዶርሚስቴይስ፣ ሌኢስቴይስ፣ ዲኺስቴይስ ነው፣ ምንም የሚያደናግር የለም፣ ግሱ ከ«አንተ» ጋ አብሮ ይሄዳል እንጂ ከ«እሱ» ጋ አይሄድም። ማለትም ለጀማሪ ያስቀራችሁለት ከባዱን ነው፣ የወሰዳችሁበት ቀላሉን።

አማርኛ ተናጋሪ ደሞ እዚ ላይ ከብዙ ሰው ቀድሞ ነው የሚነሳው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ አንተም እናንተም አንድ ቃል ስለሆኑበት፣ ግሱም ስለማይለወጥ፣ ቦሶትሮስ ምን እንደሚጠቅም ራሱ ለመረዳት ጊዜ ይወስድበታል። እኛ መጣህ፣ መጣሽ፣ መጡ፣ መጣችሁ ብለን ነው ያደግነው፣ ተውላጠ ስሙንም መጥራት አያስፈልገንም፣ ቅጥያው ራሱ ማን እንደሆነ ይናገራል፣ ስፓኒሽም ልክ እንዲሁ ነው፣ ቢኒስቴይስ (መጣችሁ) ካልክ ቦሶትሮስ ማለት አያስፈልግህም። እንደውም ስፓኒሹ ይቀላል፣ ለአንዱ ለአንዲቱ ብሎ ግሱን አይለይም፣ ቢኒስቴ መጣህም መጣሽም ነው። ጾታው በብዙ ቁጥር ላይ ተውላጠ ስሙ ላይ ብቻ ነው የሚታየው፣ ሁሉም ሴቶች ከሆኑ ቦሶትራስ ይባላል፣ ግሱ ግን ንክች አይልም።

ከዚ በላይ የሚገርመው የጊዜው አከፋፈል ነው፣ ይሄንን ማንም መጽሐፍ ላይ እንደሚገባው ሲብራራ አላየሁም። ኮሚስቴይስ በላችሁ ነው። አቤይስ ኮሚዶ በልታችኋል ነው። ኮሚያይስ ትበሉ ነበር ነው። አቢያይስ ኮሚዶ በልታችሁ ነበር ነው። አራቱም ቁጭ ብለው ይገጥማሉ፣ የእንግሊዝኛ ተማሪ ኮሚስቴይስና ኮሚያይስን ለመለየት ወራት የሚፈጅበት እኮ ቋንቋው ሁለቱን እንደኛ በግሱ ላይ በግልጽ ስለማይለይለት ነው፣ እኛ ግን ባርሴሎና ትኖሩ ነበርና ባርሴሎና 2 ዓመት ኖራችሁን ማንም ሳያስተምረን እንለያለን፣ የመጀመሪያው ቢቢያይስ ነው፣ ሁለተኛው ቢቢስቴይስ። ትበሉ ነበር የሚለው መስመርም ቢሆን አያስፈራም፣ በአር የሚያልቁት ባይስ ይይዛሉ (አብላባይስ፣ ትናገሩ ነበር)፣ በኤርና በኢር የሚያልቁት ያይስ ይይዛሉ፣ የሚያፈነግጡት ግሶች ደሞ በመላው ቋንቋ 3 ብቻ ናቸው፣ ሴር (መሆን) ኤራይስ፣ ኢር (መሄድ) ኢባይስ፣ ቤር (ማየት) ቤኢያይስ፣ በቃ።

ነገር ግን ሁለት ቦታ ላይ አማርኛችን ራሱ ያሳስተናል፣ ሰንጠረዡን ስታሻሽሉ እባካችሁ እነዚህን አትለፉ።

አንደኛው በላችሁና በልታችኋል ላይ ነው። በአብዛኛው ስፔን፣ በተለይ ማድሪድና መሃል አገር፣ ሰዓቱ ገና ያልተዘጋ ከሆነ ማለትም ዛሬ፣ በዚህ ሳምንት፣ በዚህ ዓመት ከተባለ አቤይስ ያለበት ቅርጽ ነው የሚመረጠው። እኛ ዛሬ ጠዋት ምን በላችሁ ብንል ምንም አይደለም፣ እነሱ ግን ነገሩ ዛሬ ስለሆነ ኬ አቤይስ ኮሚዶ ነው የሚሉት፣ ትናንት ሲሆን ነው ኮሚስቴይስ የሚመጣው። ሰው ደጅ ላይ ሲደርስ መጣችሁ ብለን የምንቀበለውን እነሱ ያ አቤይስ ዬጋዶ (ደርሳችኋል) ይሉታል። ስለዚ ተማሪው ኦይ (ዛሬ) ሲሰማ አቤይስን፣ አዬር (ትናንት) ሲሰማ ስቴይስን እንዲያስብ ማልመድ ነው። ይሄም ግን በመላው ስፔን አንድ አይነት አይደለም፣ ሰሜን ምዕራብ ላይ ጋሊሲያና አስቱሪያስ ዛሬም ቢሆን ቀላሉን ኃላፊ የመጠቀም ልምድ አለ፣ ካናሪ ደሴቶችም እንደዛው፣ ስለዚ ዛሬን ከስቴይስ ጋ የሰማ ሰው ስህተት ሰማሁ ብሎ እንዳይደነግጥ አንድ መስመር ብትጨምሩበት ጥሩ ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። አማርኛ ላይ አያችሁ ስንል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ እናንተ አያችሁ ወይም እሱ እናንተን አያችሁ። ጠራችሁም እንደዛው፣ ሰጣችሁም እንደዛው፣ ከአውዱ እንለየዋለን እንጂ ቃሉ አንድ ነው። ስፓኒሽ ላይ ግን ሁለቱ ጨርሶ አይገናኙም፣ እናንተ ካያችሁ ቢስቴይስ ነው፣ እሱ ካያችሁ ኦስ ቢዮ ነው። ሰጣችሁ፣ የሰጣችሁት እናንተ ከሆናችሁ ዲስቴይስ፣ እሱ ለናንተ ከሰጠ ኦስ ዲዮ። ተማሪዎቻችን ከአማርኛ በቀጥታ ሲያስቡ ሁሌ የሚደናበሩት እዚህ ነው፣ አችሁ ያለበትን ሁሉ ስቴይስ ያደርጉታል። ኦስ የምትባለዋ ትንሽ ቃል እናንተን፣ ለናንተ፣ ራሳችሁን ማለት ናት፣ ተነሳችሁ ኦስ ሌባንታስቴይስ ነው፣ ሄዳችሁ (ከቦታው ተነስታችሁ) ኦስ ፉዊስቴይስ ነው። ቦሶትሮስን ከሰንጠረዡ ስታወጡ እኮ ግሱ ብቻውን አይደለም የሚወጣው፣ ኦስም ቡዌስትሮም (የናንተ) አብረው ይሄዳሉ፣ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ነው የሚጠፋው።

ስፔን ውስጥ ብቻ ነው የሚለው አባባላችሁም መስተካከል አለበት። ኢኳቶሪያል ጊኒ አለች፣ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ በ1968 ከስፔን ነፃ የወጣች፣ ስፓኒሽ ኦፊሻል ቋንቋዋ የሆነ አገር፣ እዛ ቦሶትሮስ ከኡስቴዴስ ጋ እየተቀላቀለ ይሰማል። ስለስፓኒሽ በአፍሪካ ቋንቋ የሚጽፍ ገጽ ይህችን አገር መርሳት አልነበረበትም። በሌላ በኩል ስፔን ራሷም አንድ ወጥ አይደለችም፣ ካናሪ ላይ በአብዛኛው እንደ ላቲን አሜሪካ ኡስቴዴስ ነው፣ ምዕራብ አንዳሉሲያ ውስጥ ሴቪያና ካዲስ አካባቢ ደሞ ኡስቴዴስ ይሉና ግሱን የቦሶትሮስ ያደርጉታል፣ ኡስቴዴስ ፉዊስቴይስ ይላሉ፣ መደበኛ አይደለም ግን ሰዉ ይናገረዋል፣ ለጆሮ ደስ ይላል።

ላቲን አሜሪካም ቢሆን ቦሶትሮስን የማያውቅ አገር አድርጎ ማሰብ ልክ አይደለም። የደቡብ አሜሪካ የነፃነት መሪ የነበረው ሲሞን ቦሊቫር ከመሞቱ ቀናት በፊት በዲሴምበር 1830 ለኮሎምቢያ ህዝብ ያወጣው የመጨረሻ አዋጅ የሚጀምረው አቤይስ ብሎ ነው፣ ጥረቴን አይታችኋል እያላቸው። ዛሬም የከበረ ንግግር ላይ ብቅ ይላል። ከሁሉ በላይ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ በኩል ነው የሚኖረው፣ በላቲን አሜሪካ ፕሮቴስታንቶች ዘንድ በሰፊው የሚነበበው የ1960ው ሬይና ቫሌራ ትርጉም ከዳር እስከ ዳር ቦሶትሮስ ነው። በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ የጓቲማላ ሰው ለልጆቹ አንድም ቀን አብላስቴይስ ብሎ አያውቅም፣ ሲነበብለት ግን ምንም አይጠፋውም። እንደውም ኃላፊ ጊዜን ለማስተማር ማቴዎስ 25 ከቁጥር 35 እስከ 36 ያለውን የሚያክል ልምምድ አላውቅም። ተርቤ አብልታችሁኛልና የሚለውን አንባቢዎቻችሁ በአማርኛ በቃላቸው ነው የሚያውቁት፣ እዛ ላይ ዲስቴይስ (ሰጣችሁ) ሁለቴ አለ፣ ሬኮኺስቴይስ (ተቀበላችሁ)፣ ኩብሪስቴይስ (አለበሳችሁ)፣ ቢሲታስቴይስ (ጠየቃችሁ፣ ጎበኛችሁ)፣ ቢኒስቴይስ (መጣችሁ) ተከታትለው ይመጣሉ፣ በሁለት ቁጥር ውስጥ በአር የሚያልቀውም፣ በኤርና በኢር የሚያልቀውም፣ የሚያፈነግጠውም ሁሉም ተሰብስቧል። ትርጉሙን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ግሱ ላይ ብቻ ነው የሚያተኩረው። ልብ ካላችሁ ደሞ አማርኛው አብልታችሁኛል ብሎ የ«በልታችኋል»ን አይነት ቅርጽ ይዞ ስፓኒሹ ቀላሉን ኃላፊ ነው የመረጠው፣ ከላይ ያልኩት ልዩነት ማለት ይሄ ነው።

ስለ አክብሮትም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እኛ አንተና እርስዎ ለምደን እናንተ ላይ ስንደርስ ልዩነቱ ይጠፋብናል፣ ለህጻናትም ለሽማግሌዎችም እናንተ ነው። በዚ በኩል አማርኛ ከላቲን አሜሪካ ስፓኒሽ ጋ ነው የሚቀራረበው። ስፔን ላይ ግን ልዩነቱ ብዙ ቁጥር ላይም አለ፣ ቦሶትሮስ ለሚቀራረቡ ነው፣ ኡስቴዴስ ለማይተዋወቁና ለሚከበሩ። ስለዚ ይሄን ደብዳቤ ለአንድ የማድሪድ ጋዜጣ አዘጋጆች በስፓኒሽ ብጽፈው ኖሮ ሰንጠረዥ አወጣችሁ ለማለት ፑብሊካሮን ነበር የምለው፣ ፑብሊካስቴይስ አልልም፣ ካልተዋወቅን ድፍረት ይመስላል። ተማሪ ይሄን ካልተነገረው «እናንተ» የሚለውን ሁሉ ወደ ቦሶትሮስ ሊገለብጠው ነው፣ ለአለቆቹም ለሀኪሞቹም። በአሁኑ ጊዜ ስፔኖች ቶሎ ይቀራረባሉ፣ ሱቅ ውስጥም ቦሶትሮስ ሊሉህ ይችላሉ፣ ቢሆንም በጽሁፍና በስራ ላይ መጠንቀቁ ይሻላል።

አመጣጡንም ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ አይጠፋም፣ በአጭሩ ላስቀምጠው። ቦስ በድሮው ስፓኒሽ እንደኛ አንቱ ለአንድ የተከበረ ሰውም ይባል ነበር፣ ለብዙም ይባል ነበር፣ ብዙዎቹን ለመለየት ኦትሮስ (ሌሎች) ተጨመረበትና ቦሶትሮስ ሆነ። ኡስቴድ (እርስዎ) ደሞ ቡዌስትራ ሜርሴድ ከሚል የክብር መጠሪያ ነው ያጠረው፣ ግሱ የ«እሱ» የሆነውም ለዛ ነው። ስቴይስ የሚለው ቅጥያ ከላቲኑ ስቲስ የመጣ ነው፣ ለዘመናት አብላስቴስ ነበር የሚባለው፣ ይ የምትለዋ የገባችው በኋላ፣ 17ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው የጸናችው፣ አብላይስ (ትናገራላችሁ) የሚሉት ሌሎቹ የእናንተ ቅርጾች በይስ ስለሚያልቁ ይሄም ተከተላቸው።

ይሄ ታሪክ ብቻ አይደለም፣ ዛሬ ተማሪ የሚጠቅመው ነገር አለው። ስፔንም ላቲን አሜሪካም ውስጥ ብዙ ሰው ለአንድ ሰው ሲናገር አብላስቴስ፣ ፉዊስቴስ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ስ ይጨምራል፣ በአሁን ጊዜ የ«አንተ» ግሶች በሙሉ በስ ስለሚያልቁ ነው አፉ የሚሄድለት፣ የስፓኒሽ ሮያል አካዳሚ ግን አይቀበለውም። የቦሶትሮስን መስመር ያልተማረ ሰው ይሄን ስ ሲሰማ ብዙ ቁጥር ነው ብሎ ያስባል ወይም ትክክል ነው ብሎ ይይዘዋል። ስቴ ለአንዱ፣ ስቴይስ ለብዙዎቹ፣ ስቴስ ለማንም ያልሆነ፣ ሶስቱን ጎን ለጎን ያየ ተማሪ አይሳሳትም። አርጀንቲናዎች ለ«አንተ» የሚሉት ቦስም ቢሆን ኃላፊ ጊዜ ላይ ሲደርስ አብላስቴ ነው የሚለው፣ ከቱ (ሌላው ስፓኒሽ ለ«አንተ» ከሚለው) ጋ አንድ ነው።

ፈተና ለሚያስቡም እነግራችኋለሁ፣ የሴርቫንቴስ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ዴሌ የሚባለው ፈተና ቦሶትሮስንም ኡስቴዴስንም ይቀበላል፣ አንዱን መርጦ በሱ መጽናት ነው እንጂ ማንም ቦሶትሮስ ካላልክ ነጥብ ይቀነሳል አይልም። የማዳመጥ ክፍሉ ላይ ግን ከስፔንም ከላቲን አሜሪካም የሆነ ድምፅ ሊመጣ ይችላል፣ እዛ ላይ ምርጫው የተፈታኙ አይደለም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ግልጽ ነው፣ ሰንጠረዡን በ6 መስመር መልሳችሁ አውጡት፣ የስቴይስን መስመር ከአንተ መስመር ስር አስቀምጡት ጭማሪዋ እንድትታይ፣ ከጎኑ የአማርኛውን በላችሁ፣ በልታችኋል፣ ትበሉ ነበር፣ በልታችሁ ነበር አድርጉበት፣ ማስታወሻውንም ለመናገር የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ለመስማትና ለማንበብ ያዙት በሚል ቀይሩት። ኦስ ቢዮና ቢስቴይስ ለብቻቸው አንድ ሳጥን ይገባቸዋል።

በላቲን ፊደል ስታትሙት ደሞ የድምፅ ምልክቷን (አናባቢ ላይ የምትደረገውን አክሰንት) ልብ በሉ፣ ያለፈው እትም ላይ ሌሎቹ ግሶች ላይ ተዛብታ አይቻለሁና። አብላስቴይስ፣ ፉዊስቴይስ፣ ዲስቴይስ፣ ቢስቴይስ ላይ ምንም ምልክት አይደረግም፣ አብላባይስም ላይ የለም፣ አብላባሞስ (እንናገር ነበር) ላይ ግን አለ፣ ሰው ከሱ ገልብጦ ነው የሚሳሳተው። ኮሚያይስ አይነቶቹ ላይ ኢዋ ላይ አለች። ከስቴይሶቹ ምልክት የሚይዙት ከኢዋ በፊት ኤ ወይ አ ወይ ኦ የሚመጣባቸው ናቸው፣ ሌኢስቴይስ፣ ክሬኢስቴይስ፣ ካኢስቴይስ፣ ኦኢስቴይስ፣ ኮንስትሩዊስቴይስ (ገነባችሁ) ግን ኡ ስለሆነች አይዝም። ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው እንዲያይላችሁ ከፈለጋችሁ ላኩልኝ፣ በዛው ቀን አይቼ እመልሳለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ስፓኒሽ የሚያስተምር አንባቢያችሁ